ለማንም የማይካፈል ቁጥር

ባሌ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የመብራት ቆጣሪ። በር ያንኳኳል፣ ውሻ ይፈራል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ሰው ሲያየው ፊቱን የሚያጠቁርበት ሥራ ስለሆነ ብዙ ወዳጅ አላፈራበትም። እሱ ግን ከበር እስከ በር ባለችው መንገድ ላይ የራሱ ጨዋታ ነበረው፤ አሁን የጻፈውን ቁጥር በሆዱ ይበትነዋል። ለሦስት ይካፈላል? ለሰባትስ? ለአስራ ሦስትስ? የሚቀጥለው በር ጋ ሳይደርስ ቁጥሩ ተሰባብሮ ካለቀ ደስ ብሎት ያንኳኳል። ካላለቀ ተክዞ ይቆማል፤ በር የከፈቱለት ሰውም «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» ይሉታል።

አንዳንዴ ደግሞ አያስችለውም። «እትዬ፣ ቆጣሪዎ ዛሬ ለአስራ ሰባት ተካፈለ!» ብሎ የምሥራች ይናገራል። ሴትዮዋ መብራታቸው ለአስራ ሰባት ጎረቤት ሊከፋፈል መስሏቸው ሰፈሩን በጩኸት ያናጉታል። በዚህ ምክንያት አለቃው ዘንድ ተከሶ የቀረበበት ጊዜ አለ። «ምን አልካቸው?» ቢለው፣ «እውነቱን ነዋ» አለ አሉ።

እኔንም ያገኘኝ ቆጣሪ ሊያነብ መጥቶ ነው። ያኔ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቁጥሩን ጽፎ ሲያበቃ ዞር አለና፣

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለኝ።

«ምን አገባህ?»

«ግድ የለሽም፣ ንገሪኝ።»

«ሃያ ሦስት።»

ፊቱ እንዴት እንደበራ! «እኔ ሃያ ዘጠኝ ነኝ። ሁለታችንም ብቸኛ ነን» አለ።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር መሆኑን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ ነው። የዚያን ዕለትማ ሚስት የለኝም እያለኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ እስቃለሁ እንጂ አላገባውም። አሁን ሳስበው ያልገባኝ በጀኝ።

ሴት ልጅ ወለድን። እኔ የስፌት መኪናዬን ቤት አስገብቼ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ሳሎናችን ውስጥ አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ቀን ቀን እኔ ጨርቅ እቆርጥበታለሁ፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ እሱ አንዱን ጫፍ ይዞ ቁጥር ያካፍልበታል። የልብስ ልክ የማወጣበትን ወረቀት ጀርባውን እየጻፈ ስንት ቅድ አበላሽቶብኛል! አንድ ጊዜማ የአንዲት ሙሽራ የእጅጌ ቅድ ላይ አካፍሎ ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጦ ጠብቆኛል። ያን ቀን በሜትሬ ልገርፈው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ አዲሱ ቆጣሪ መጣ። መሥሪያ ቤቱ የሰፈሩን አሮጌ ቆጣሪዎች ሲለውጥ የእኛም ተለወጠ። ባሌ የራሱ ቤት ቆጣሪ ፊት ቆሞ፣ የሚዞረውን ቁጥር ትቶ ከታች ቆርቆሮው ላይ የተመታውን የቆጣሪውን መለያ ቁጥር አነበበ። 15396233 ይላል። ገባና፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

ለሦስት አልተካፈለም። ለሰባት አልተካፈለም። «አንድ ብቻ ቢጨመርበት እኮ ሰባት ይበላው ነበር!» አለኝ፣ አንድ የጎደለችው ከእኔ ኪስ ይመስል። ለአስራ አንድ እምቢ፣ ለአስራ ሦስት እምቢ፣ ለአስራ ሰባት እምቢ። ሌሎቹ ቁጥሮች እዚህ ሳይደርሱ ይፈርሱለት ነበር። ይሄኛው አልነካ አለው። እሱም በዚያው ተያዘ።

ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሁሉንም ቁጥር መሞከር አያስፈልግም፤ ብቸኛ የሆኑትን ብቻ መሞከር ይበቃል። እነሱንም ቢሆን እስከ 3923 ድረስ ነው። «ከዚያ በላይ ያለ አካፋይ ቢኖረው፣ አብሮት የሚባዛው ጓደኛው የግድ ከዚያ በታች ይሆናል። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ስንለብስ አንቺ ብዙውን ከሳብሽው እኔ ጋ የሚቀረው ትንሽ ነው አይደል? ትንሹን ካገኘሁ ትልቁንም አገኘሁ ማለት ነው።» ብርድ ልብሱን የሚስበው ማን እንደሆነ እኔና እሱ እናውቃለን። ነገሩ ግን ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቸኛ ቁጥሮቹን አወጣ። ወረቀቶቼን በሙጫ አያይዞ፣ ጎዶሎ ቁጥሮችን በሙሉ በተርታ ጻፈ። ከዚያ ከሦስት ጀምሮ እየቆጠረ በየሦስተኛው፣ በየአምስተኛው፣ በየሰባተኛው ላይ መስመር እየሳበ አጠፋቸው። ሳይጠፋ የተረፈው ብቸኛ ነው። ያን ወረቀት ቁም ሣጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፈው። ቀሚሴን ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ያ ሁሉ ቁጥር ያፈጥብኛል።

ከዚያ ማካፈል ጀመረ። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ካካፈለ በኋላ መልሶ ያባዛል፣ ቀሪውን ይደምራል፣ ልክ መሆኑን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። «ቢሮ እኮ ሒሳብ የሚሠራ ማሽን አለ፣ ለምን በእሱ አትሠራውም?» ብለው ተቆጣ። «ማሽን ከነገረኝ እኔ ምን ሠራሁ?» አለ። በሌላ ነገር የማይቆጣ ሰው በስሌት ነገር ይቆጣ ነበር። አንድ ጊዜ ዝናብ እየዘነበ የከተማውን ግማሽ በእግሩ ተመልሶ ሄዷል፤ አንድ ቤት አንዲት ቁጥር አሳስቼ ጽፌ ይሆናል ብሎ። ሄዶ ቢያየው ልክ ነበር። በስብሶ ተመለሰ፣ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ልጃችን ትምህርት ቤት ገብታ ክፍል ቆጠረች፣ እሱ አሁንም ያካፍላል። የተዋቸው ወራት ነበሩ፣ የታመመባቸው፣ ከእኔ ጋር የተኳረፈባቸው። ግን ይመለስበታል። በመጨረሻም አንድ ቀን እርሳሱን አስቀመጠና፣ «አለቀ። ብቸኛ ነው» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተነሥቼ አቀፍኩት። ለምን እንዳለቀስኩ እንጃ፤ ስለ ቁጥሩ ምን ገዶኝ! እሱን ግን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ቆጣሪው ጋ ነው።

«ምኑን ልየው?» ይላል እንግዳው።

«ቁጥሩን።»

«እሺ፣ አየሁት።»

«ለማንም አይካፈልም!»

እንግዳው እኔን ያየኛል፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ባሌ ቆርቆሮውን በጨርቅ ይወለውላል። በሕይወቱ ሹመት አላገኘ፣ ሽልማት አላገኘ፣ ስሙን በክፉም በደግም የሚያነሣ የለ። ያቺ ቁጥር ግን የእሱ ነበረች። በዓለም ላይ ስለ እሷ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፣ ያወቀውም በገዛ እጁ ለፍቶ ነው።

ታዲያ ልጃችን አደገችና ስልክ ያዘች። አንድ እሑድ አባቷ ውጭ ቆጣሪውን ሲወለውል እሷ ስልኳን ትነካካለች። ቁጥሩን በጨዋታ አስገብታው ኖሯል። የስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እማዬ፣ ይካፈላል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«የአባዬ ቁጥር። 3407 ሲባዛ በ4519 ነው።»

ስልኩ ተሳስቷል አልኳት። ድጋሚ አስገባች። ያው ነው። ስልኩ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ቁም ሣጥኑን ከፍተን ወረቀቱን አየነው። 3407 ላይ መስመር ተስቦበታል። ትንሽ ከፍ ብሎ 3403 አለ፤ መጥፋት የነበረበት እሱ ነው፣ አርባ አንድ ሲባዛ በሰማንያ ሦስት ስለሆነ። እሱ ግን ሳይጠፋ ቆሟል። ባሌ አርባ አንድ አርባ አንድ እየቆጠረ ሲያጠፋ እርሳሱ አልፋው ሄዳ፣ ያለ ጥፋቱ 3407ን አጥፍታዋለች። የጠፋን ቁጥር ደግሞ ማን ይሞክራል? ያን ሁሉ ዘመን ሲያካፍል ያቺን አንዷን ብቻ ሳይሞክር አልፏት ሄደ። ማካፈሉ ላይ አንድም ስሕተት የለበትም። የተሳሳተው መጀመሪያ ብቸኞቹን ሲለቅም ነው።

«እንንገረው?» አለች ልጄ።

በመስኮቱ አየሁት። ጨርቁን አጥፎ ቆርቆሮው ላይ እስትንፋሱን እፍ እያለ ይወለውላል።

«አፍሽን ዝጊ» አልኳት።

ዘጋን። እኔ ግን አላረፍኩም። እሱ ሥራ ሲሄድ ተደብቄ አባዛሁት። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እርሳስ ይዤ አላባዛሁም፤ መጀመሪያ ላይ ሌላ ቁጥር ስለመጣልኝ ስልኩ ዋሸ ብዬ ዘለልኩ። ደግሜ ስሠራው ትክክለኛው መጣ። ከዚያ አካፈልኩት። በየጊዜው፣ ምናልባት ዛሬስ ቀሪ ይተርፈው ይሆናል ብዬ፣ አካፈልኩት። ዜሮ። ሁልጊዜ ዜሮ። በሰው ይማለዳሉ፣ በዳኛ ላይ ይግባኝ ይላሉ፤ ቁጥርን ምን ይሉታል? ስፌት ቢሆን እፈታው ነበር።

ጡረታ ወጣ። ጡረታ በወጣ በማግሥቱ የሥራ ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። ለምዶበት ነው ብለን ሳቅንበት። ከዚያ ግን ደጋገመው። የሰው ግቢ እየገባ ቆጣሪ ያነባል። አንዷ ሌባ ነው ብላ በመጥረጊያ አባረረችው። ሌላ ቀን ደግሞ ስንት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ጠፍቶት አንድ የድሮ ባልደረባው እጁን ይዞ አመጣው። መቀስ የሚለው ቃል ጠፍቶት «ያ የሚቆርጠው» አለኝ። ልጃችን ከሥራ ስትገባ «መቼ መጣሽ?» ይላታል፤ ካፖርቷን ሰቅላ ስትመለስ «መቼ መጣሽ?» ይላታል።

ዶክተሯ ከልጄ የምታንስ ናት። ወረቀቶቹን አየች፣ እሱን ጠያየቀችው፣ ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ «እማማ፣ ይሄ ወደ ኋላ የሚመለስ በሽታ አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የሚወዱትን ነገር ያሠሯቸው። አብረዋቸው ይሁኑ።»

ተናደድኩ። አብሬው ካልሆንኩ የት ልሆን ነው? መድኃኒት ፍለጋ ሄጄ ምክር ይዤ ተመለስኩ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ እሷም የላትም።

የሚወደውን አሠራሁት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ጋ አስቀምጬ ቁጥር እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ድሮው ይበትናቸው ነበር። ቀሚስ ማለት ጠፍቶት «ለአስራ ዘጠኝ ይካፈላል» ማለት አልጠፋውም። እኔም በዚያች ተንጠለጠልኩ። እያካፈለ እስካለ ድረስ አለ፣ አልሄደም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ቀስ በቀስ ግን መፍዘዝ አመጣ። እርሳሱን ይዞ መስኮት መስኮት ያያል። እጠራዋለሁ፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ከቀን ወደ ቀን ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ እየረዘመ መጣ።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣብኝ። ይህን ሰው ከየትም ቢሆን የሚመልሰው አንድ ነገር አለ፤ የተሳሳተ ስሌት። ዝናብ ውስጥ የመለሰው እሱ አይደለም? ተሳስተሃል ብለው ይቆጣል። ቁም ሣጥኑን ይከፍታል፣ ወረቀቱን ይገነጥላል፣ የት ላይ እንደሳተ ይፈልጋል። ያለቅስም ይሆናል። ግን ይመጣል።

ለልጄ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ቢጎዳውስ?»

«ይጎዳ! እኔ እኮ መጎዳት የሚችለውን ሰውዬ ነው የምፈልገው።»

ብዬው ሳበቃ ያልኩት ነገር ለራሴ ከበደኝ።

በማግሥቱ ምሳ በልተን ጠረጴዛውን ጠረግሁ፤ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋሁ። ልጄ በር ላይ ቆማለች።

«ያቺን የቆጣሪያችንን ቁጥር ታስታውሳታለህ?» አልኩት።

ሳይሳሳት ጻፋት። 15396233። «ብቸኛ ናት» አለ ፈገግ ብሎ።

«ለ3407 ሞክረሃታል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ለአንድ አፍታ የድሮ ዓይኑን ያየሁ መሰለኝ። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ» አለ።

«ይሄን አልሞከርክም። አሁን ሞክረው።»

ጎንበስ ብሎ ጀመረ። አራት ጊዜ ገባ፤ ልክ ነው። ቀነሰ፤ ልክ ነው። ሁለትን አወረደ። አምስት ጊዜ ገባ፤ ልክ ነው። እጁ የድሮው እጅ ነው፣ ቁጥሮቹ እንደ ድሮው ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። እኔ መንገዱን በቃሌ ስለማውቀው አሁን 647 ይመጣል እያልኩ እጠብቃለሁ። 747 ብሎ ጻፈ።

መልሶ ሲያባዛ ያገኘዋል አልኩ። ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ወረደና ከታች 3186 ብሎ አሰመረበት።

«ቀሪ አለው። አይካፈልም» አለ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋልኝ። መልሶ አላባዛም።

«ማመሳከሪያውስ?»

«ምኑ?»

ልጄ በር ላይ ስትንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጣቴን 747 ላይ አደረግሁ። «እስቲ እዚህ ጋ ድጋሚ ቀንስ።»

ቀነሰ። ከሁለት ላይ አምስት አይሆንም፣ ተበደረ፤ ሰባት። ከሰባት ላይ ሦስት፤ አራት። ልክ ነው። ከስድስት ላይ ዜሮ፤ እዚህ ቆመ። ከዚያ ሰባት ብሎ በሰባቱ ላይ ደገመበት።

«ከስድስት ላይ ምንም ካልወሰድክ ስንት ይቀራል?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እርሳሱ ቆመ። ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ፈራ። ይህ ሰው ከውሻ በቀር ሲፈራ አይቼው አላውቅም፤ አሁን የሚፈራው ስድስትን ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልጃችን እንዳትሰማው ይመስል ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣

«ስንት ይቀራል?» አለኝ።

«ስድስት» አልኩት።

ሰባቱን አጥፍቶ ስድስት ጻፈ። ቀና ብሎ ጠበቀኝ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚጽፍ እንድነግረው። ምን ማድረግ እችል ነበር? ነገርኩት። «ሦስትን አውርድ።» አወረደ። «አንድ ጊዜ ይገባል።» ጻፈ። «ስትቀንሰው 3066።» ጻፈ። «ሦስትን አውርድ። ዘጠኝ ጊዜ።» ጻፈ። ዘጠኝ ጊዜው 30663 ነው፤ ከላይ ያለውም 30663። አንዱን ከሌላው በታች አስተካክሎ አሰመረ።

«ስንት ይቀራል?» አለ።

«ዜሮ።»

ዜሮን ጻፈ። አሳምሮ፣ ክብ አድርጎ።

ያቺን ዜሮ ስንት ዓመት ደበቅኳት! ያየ ቀን ይሞታል ብዬ፣ ቤት ውስጥ ስልክ ሲነሣ እየደነገጥኩ፣ እንግዳ እንዳይናገርብኝ እየፈራሁ ኖርኩ። መጣች። ከእርሳሱ ጫፍ ወጥታ ወረቀቱ ላይ ተቀመጠች። እሱም አያት። ይቆጣ እንደሆን፣ ይጮህ እንደሆን፣ ቁም ሣጥኑ ጋ ይሮጥ እንደሆን ብዬ ፊቱ ላይ ፈለግሁ። ምንም የለም።

«ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

እርሳሱን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ቧንቧውን ከፍቶት ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀቱን አየች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምነው አንድ ጊዜ ብቻ በተቆጣኝ አልኩ። ውኃው አሁንም ይፈሳል፤ መዝጋቱ ጠፍቶት ይሆናል ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ።